ለ«እ…» ጥብቅና የቆመ ምላሽ

እንግሊዝኛ ሲናገሩ «እ…» እያሉ ማመንታትን የሚያወግዘውን ጽሑፍ መጀመሪያ የላከችልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በተከራየኋት ክፍል ማታ ማታ የእንግሊዝኛ ንግግር ሳስተምር ከፊት ወንበር የማትጠፋ ልጅ ነበረች። ዛሬ ሐኪም ሆና የስፔሻሊቲ ትምህርቷን እየተከታተለች ነው። ከጽሑፉ ሥር «ጋሼ፣ ይህን አንብበውታል? ይህ እውነት ከሆነ እኮ እኔ እንግሊዝኛ አልችልም ማለት ነው» የሚል ቃል አክላበታለች። ሳምንቱ ሳያልቅ ያንኑ ጽሑፍ ሌሎች አራት ሰዎች ላኩልኝ። አንደኛው የአጋሮ ቡና አቅራቢ ነው፤ «መምህር፣ እኛን ነው የሚሉት» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረም።

ጽሑፉ የሚመለከተው እንግሊዝኛን በደንብ ተምረው፣ አንብበው ጽፈው፣ በንግግር መሃል ግን የሚያመነቱ ሰዎችን ነው። ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች አያመነቱም ይላሉ፤ ስለዚህ ከፍተኛ ደረጃ ደርሻለሁ የሚል ተማሪ «እ…» ማለትን ከአፉ መንቀል አለበት። ማመንታቱ የሚመጣው በአማርኛ አስቦ ወደ እንግሊዝኛ ከመተርጎም ስለሆነ መድኃኒቱ በእንግሊዝኛ ማሰብ ነው። የግድ ማሰቢያ ጊዜ ካስፈለገ በክብር ዝም ማለት ይሻላል። «ዌል»፣ «ሌት ሚ ሲንክ»፣ «ዛትስ ኤ ጉድ ክዌስችን» የመሳሰሉ ጊዜ መግዣዎች ማጭበርበሪያ ናቸው፤ ፈታኝም ቀጣሪም ይቀጣባቸዋል። በመጨረሻም ልማዱ ከፈረንጅ ፊልም የተቀዳ እንጂ በጨዋ አማርኛ የሌለ ነው ይሉና፣ አንባቢ አንዲት ሙሉ ቀን አንድም መሙያ ቃል ሳይናገር እንዲውል ይወራረዳሉ።

ጽሑፉ ለምን እንደተወደደ ይገባኛል። አጭር ነው፤ አማርኛው ያምራል፤ ብዙዎቻችንን የሚያሳፍረንን ነገር በስሙ ይጠራል። እኔ ግን ከአምስቱ ነጥቦች አንዱንም እንዳለ መዋጥ አቃተኝ።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ጸሐፊው ሳያመነቱ ሲናገሩ የሰሟቸው እንግሊዞችና አሜሪካውያን ዜና አንባቢዎችና የፊልም ተዋንያን ይመስሉኛል። የተጻፈለትን የሚናገር ሰው አያመነታም፤ ሌላ ሰው አስቀድሞ አመንትቶለታል። ባራክ ኦባማ ከተዘጋጀ ንግግር ሲያነቡ እንደ ወንዝ ይፈስሳሉ፤ ጋዜጠኛ ድንገት ሲጠይቃቸው ግን በየሐረጉ መሃል «ኧ…» እያሉ ቃል ይመርጣሉ። ቀልደኞች ሁሉ ሲያስመስሉት የኖሩት ነገር ነው። ሰውየው እንግሊዝኛ አይችሉም ያለ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ጉዳዩ በጥናትም የተነካ ነው። ኸርበርት ክላርክ እና ጂን ፎክስ ትሪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ «ኧ» እና «ኧም» የሚባሉት ድምፆች የምላስ ስሕተት ሳይሆኑ እንደማንኛውም ቃል ሥራ ያላቸው ቃላት ናቸው ብለው ተከራከሩ። ተናጋሪው አጭር መዘግየት ሲሰማው «ኧ»፣ ረዘም ያለ ሲሆንበት «ኧም» ይላል፤ አድማጩም ምን ያህል እንደሚጠብቅ ሳይታወቀው ይረዳል። «ቃል ናቸው» በሚለው ላይ ሁሉም ተመራማሪ አልተስማማም። ቃል ናቸው አይደሉም የሚለው ክርክር ቢቀር እንኳ፣ አፍ የፈቱበት ሰዎች ሲጠቀሙባቸው የሚውሉ ድምፆች መሆናቸው አይካድም።

ሌላም ነገር አለ። የቋንቋ ተመራማሪዋ ታንያ ስታይቨርስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሥር ቋንቋዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ አዎ ወይም አይደለም የሚያስብሉ ጥያቄዎች በጠያቂና በመላሽ መካከል ምን ያህል ክፍተት እንዳላቸው ለክተው ነበር። አማርኛ ከአሥሩ ውስጥ የለበትም። አማካዩ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ የሰከንድ አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ጃፓኖች ከሁሉ ቀደሙ፣ ዴንማርኮች ከሁሉ ዘገዩ፤ ከአማካዩ የራቁት ግን በሩብ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። አንዲት ሥዕል አይቶ ስሟን ለመጥራት ግን ሰው 600 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሒሳቡ የሚገጥመው በአንድ መንገድ ነው፦ መላሹ ጠያቂው ሳይጨርስ መልሱን ማሰናዳት ይጀምራል። እንግዲህ በባዕድ ቋንቋ የሚያዳምጥ ሰው ምን ይሁን? ጆሮውም ልቡም ጥያቄውን በመከተል ተይዟል። ጥያቄው ሲያልቅ እርሱ ገና ሊጀምር ነው። ይህን ሰው «አታመንታ» ማለት ከሌሎቹ አንድ ዙር ዘግይቶ የተነሣን ሯጭ እኩል ግባ እንደማለት ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ ነገር በትክክል አይተዋል፤ ምክንያቱን ግን ስተውታል። የእኛ ሰው ማመንታት ጆሮ የሚያውከው ቦታውን ስለሚስት ነው። አፍ የፈቱበት ሰዎች በአብዛኛው የሚያርፉት አንድ ሐሳብ አልቆ ሌላው ሊጀምር ሲል፣ በመጋጠሚያው ላይ ነው። ተማሪ ግን ሐረጉን ለሁለት ሰንጥቆ መሃሉ ላይ ይቆማል፤ «ዘ… እ… ዘ… እ… ፕራይስ» ይላል። ይህ በእርግጥ ያደክማል። የሚታረመው ግን «እ…»ን በመንቀል ሳይሆን ከሐረጉ ፊት በማስቀደም ነው።

«በእንግሊዝኛ አስቡ» ወደሚለው ልለፍ፤ ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ምክር ይህ ነው። ለጀማሪ እውነትነት አለው። «ቤቴ ሩቅ ነው» ለማለት እያንዳንዷን ቃል ፈልፍሎ የሚያወጣ ልጅ በትርጉም ይዘገያል። የጽሑፉ ጉዳይ ግን ጀማሪ አይደለም። እዚህ ጅማ ከማስተምራቸው ብዙዎቹ በቤታቸው አፋን ኦሮሞ፣ በመርካቶና በመሥሪያ ቤት አፋን ኦሮሞም አማርኛም፣ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ናቸው። ከሦስቱ በየትኛው እንደሚያስቡ ስጠይቃቸው ይስቃሉ። ስለ እናታቸው ሲያስቡ በአንዱ፣ ስለ ቤት ኪራይ ሲያስቡ በሌላው፣ ስለ ፈተና ሲያስቡ በሦስተኛው ነው። ያቺ ሐኪም የበሽታዎቹን ስምና የመድኃኒቱን መጠን በአማርኛ ልታስብ ብትፈልግ እንኳ አትችልም፤ የተማረችው ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ነው። እንዲያም ሆኖ ታመነታለች። የምትተረጉመው ነገር ከሌለ ማመንታቷን በትርጉም ማሳበብ አይቻልም።

ቀላል መፈተኛ ልጠቁም። ጸሐፊውን በንጹሕ አማርኛ «ልጅዎ ዩኒቨርሲቲውን ትቼ ንግድ ልግባ ቢልዎ ምን ይሉታል?» ብለን እንጠይቃቸው። ወዲያው ቢመልሱ ልጁ ያሳዝነኛል።

ከዚህ የጠለቀ ነገር ደግሞ አለ፤ በአሥራ አንድ ዓመት መምህርነቴም ሆነ ከዚያ ወዲህ ማንም ሲያነሣው ስላልሰማሁ ትንሽ ልቆይበት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አንድ ሰው ሥራ ሲያቀርብልኝ እንዲህ ብዬ መጀመር እችላለሁ፦ «እኔ ይህን ሥራ፣ አሁን ባለው ደመወዝ፣ የቤቴን ርቀት ስመለከት፣ የልጆቼንም ትምህርት ሳስብ…» እዚህ ደርሼ ሥራውን ልቀበለው ልተወው ገና አልወሰንኩም። አድማጬም አያውቅም። «እቀበለዋለሁ» ወይም «አልቀበለውም» የምትለዋ ቃል ከዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ እሺታና እምቢታ የሚለዩት በእርሷ ነው። አፋን ኦሮሞም ግሡን የሚያሳድረው መጨረሻ ላይ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ያደገ የጅማ ሰው እየተናገረ ማሰብን የለመደው በዚህ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው።

እንግሊዝኛ ይህን ሜዳ አይሰጥም። «አይ» እንዳለ (የእንግሊዝኛውን «አይ» ማለቴ ነው፣ የእኛውን አይደለም) ቀጥሎ የምትመጣው ቃል «ውድ» ወይም «ውድንት» መሆን አለባት። በሁለተኛው ቃል ላይ ፍርዱ ተሰጥቷል። የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ በአገሩ ቋንቋ ማሰቢያ ጊዜውን በዐረፍተ ነገሩ ሆድ ውስጥ በነፃ ሲያገኝ ኖሮ፣ እንግሊዝኛ ሲናገር ግን በሩ ላይ መግዛት ይኖርበታል። ቃል ሳያጥረው፣ ሰዋስው ሳይጎድለው አፉ የሚያያዘው ለዚህ ነው። ወጣቶች «ሁሉንም አውቀዋለሁ ግን መጀመሪያው ላይ ይይዘኛል» ሲሉኝ ይህን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ብዙ ዘግይቶ ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል። እንግሊዝኛም ቢሆን ሁኔታን ማስቀደም አይከለክልም፤ «ኮንሲደሪንግ ዘ ሳላሪ…» ወይም «ኢት ዲፔንድስ ኦን…» ብሎ የጀመረ ሰው ፍርዱን ወደ ኋላ ገፍቶታል። ይህ የአማርኛን ልማድ በእንግሊዝኛ ግቢ ውስጥ መትከል ነው። ጸሐፊው «በአማርኛ አታስቡ» ሲሉ ይህን ጠቃሚ ልማድ ጭምር ነው የሚያስጥሉን።

ስለ ዝምታ ግማሽ ልቤ ከጸሐፊው ጋር ነው፤ ምክንያቱን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ የመጣ የቡና ገዢ ይዤ ለማስተርጎም ወደ ጎማ ወረዳ ሄጄ ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ብዙም አላስፈለግኳቸውም። ገዢው ላልታጠበው ቡና የሚከፍለውን ዋጋ ተናገረ። ሊቀ መንበሩ ዝም አሉ። በማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በእጃቸው ዘርጋ ዘርጋ አደረጉ። ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ገዢው አላስቻለውም፤ ራሱ በራሱ ዋጋውን ከፍ አደረገ። ገዢው ሲመለስ ጠብቄ ሊቀ መንበሩን «እንዴት ያለ ዘዴ ነው?» ብላቸው፣ «ምን ዘዴ አለው መምህር፣ በፓውንድ የነገረኝን ወደ ኪሎ እየመነዘርኩ ነበር እኮ» አሉኝ።

ስለዚህ በድርድር ላይ ዝምታ ዋጋ ሊያስጨምር እንደሚችል አምኛለሁ። ግን ያ ዝምታ የሠራው ገዢው ስለተረበሸ ነው። ሊቀ መንበሩን «እምቢ ብለዋል» ብሎ ተረጎማቸው። ያንኑ ዝምታ ወደ ሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ወደ ጉባኤ፣ ወደ ኤምባሲ መስኮት ብንወስደው አድማጩ በምን ይተረጉመዋል?

ያቺ ሐኪም መልሱን በራሷ ላይ አይታዋለች። በአንድ የሙያ ስብሰባ ላይ ስለ አንድ ሕመምተኛ ሕክምና አቀረበች። ከውጭ የመጡ ፕሮፌሰር ለምን አንዱን መድኃኒት ከሌላው እንዳስቀደመች ጠየቋት። ሦስት ምክንያት ነበራት፤ የቱን ላስቀድም ብላ በጨዋ ደንብ ዝም አለች። ልክ ጸሐፊው እንዳዘዙት። ፕሮፌሰሩ ጥቂት ጠበቁና ጥያቄውን ደገሙላት፤ በዚህኛው ዙር በቀላል ቃላት፣ ቀስ አድርገው፣ ለሕፃን እንደሚነገር እየነጣጠሉ። ሰውየው ደግ ናቸው፤ ጥያቄው ያልገባት መስሏቸው ነው። እርሷ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማሰብ ያለባት ሁለት ነገር ሆነ፤ መልሱና እፍረቱ። ከሦስቱ ምክንያቶች አንዱን ብቻ ተናግራ ተቀመጠች።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሲጠየቅ ጋቢውን ያስተካክላል፣ አገጩን ይዞ መሬት ያያል፤ «አላወቀም» የሚል የለም። ዝምታው ራሱ የክብደት ምልክት ነው። የእንግሊዝኛ ጭውውት ግን ሌላ ሰዓት ይዟል። የጭውውት ተመራማሪዋ ጌይል ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጥናት፣ በዚያ ቋንቋ ጭውውት ውስጥ ዝምታ ወደ አንድ ሰከንድ ሲጠጋ ሰዎች አንድ ነገር ብለው የመሙላት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይታለች። ከዚያ በላይ የዘገየ መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነበበው እንደ እምቢታ ወይም እንዳለመረዳት ነው። «ኧም፣ ዘር ኣር ኤ ፊው ሪዝንስ…» ብትል ኖሮ ሐኪሟ ያንኑ ሦስት ሰከንድ ታገኝ ነበር፤ በዚያ ላይ ምክንያቶቿ ብዙ መሆናቸውን ጭምር ትናገር ነበር። መዘግየቷ ያው ነው። ልዩነቱ ለአድማጩ «መጣሁ፣ ጠብቁኝ» ማለቷ ነው።

(በነገራችን ላይ የእኛ ነገር በዝምታ ብቻ አያበቃም። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንላት ነገር አለች። ያ ቡና ገዢ መጀመሪያ ሲሰማት ደንግጦ «ምን ሆኑ?» ብሎኛል።)

ማሰቢያ ጊዜ መፈለግ የተማሪ ጉድለት አለመሆኑን የሚያሳይ ነገር ከራሳችን ትምህርት ቤት ልጨምር። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲጀመር እኔ አዲስ መምህር ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ልጆቹ ጥያቄውን አጣጥመው ሳይጨርሱ ራሱ ይመልሳል፤ ወደ ሌላ ርዕስ ይሄዳል። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ትውልድ የተማረው ነገር ቢኖር ቶሎ ያልመለሰ አላወቀም የሚለውን ነው። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው ግን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባካሄደቻቸው ጥናቶች ያገኘችው ተቃራኒውን ነበር። መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም ይቀንሳሉ። እነዚያ ልጆች የሚማሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር።

ማጭበርበር ነው ወደሚለው ክስ ስመጣ ጸሐፊው ራሳቸው የሚጠቅሱትን መለኪያ ልጥቀስ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋ ማዕቀፍ ችሎታን በስድስት ደረጃ ይከፍላል። «ከፍተኛ ደረጃ» ሲሉ ጸሐፊው የሚያስቡት ይህንኑ ነው። በአራተኛው ደረጃ፣ ቢ2 በሚባለው፣ ተማሪው መልሱን እስኪያቀናብር ድረስ ተራውን ላለመልቀቅና ጊዜ ለማግኘት የተለመዱ ሐረጎችን መጠቀም ይችላል ተብሎ ተጽፏል። ምሳሌውም «ይህ ለመመለስ የሚያስቸግር ጥያቄ ነው» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ነው። በአምስተኛው ደረጃ፣ በሲ1፣ ከብዙ ሐረጎች መካከል ለቦታው የሚስማማውን መርጦ እያሰበ ተራውን መያዝ ይጠበቅበታል። ጸሐፊው «ማጭበርበር» ያሉት ነገር በማዕቀፉ ውስጥ የችሎታ ምልክት ሆኖ ተዘርዝሯል። ደረጃው ከፍ ሲል የሚጨምረው ምርጫው እንጂ ሐረጎቹን የመተው ግዴታ አይደለም።

አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ፈታኞችን በተመለከተም ነገሩ እንደተባለው አይደለም። የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል፤ በሁለተኛው ክፍል ለመዘጋጃ አንድ ደቂቃ ይሰጣል። በይፋ በታተመው መመዘኛ ውስጥ ከሁሉ ከፍተኛ የሆነው 9 ነጥብ እንኳ ማመንታትን አይከለክልም። የሚጠይቀው፣ ተፈታኙ ካመነታ በሐሳቡ ምክንያት እንጂ ቃል ወይም ሰዋስው ፍለጋ እንዳይሆን ነው። ቃል የሚፈልግ ሰው ነጥብ ይቀነስበታል፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ሐሳብ የሚመርጥ ሰው ግን አይቀነስበትም። ሁለቱን በአንድ ገመድ ማሰር ነው ስሕተቱ። ስለ ቀጣሪዎች የምለው የለኝም፤ አንዱ የሚወድደውን ሌላው ይጠላል።

አሁን ሳልሸሽግ ልመን። «ዛትስ ኤ ጉድ ክዌስችን» የሚለው ሐረግ አሰልችቶኛል። አንድ ተማሪዬ በልምምድ ላይ «ስምህ ማን ነው?» ስለው ይህንኑ መልሶልኛል። ለታላቅ ሰው፣ ለዳኛ ወይም ለፈታኝ ጥያቄው ጥሩ መሆኑን መመስከርም ድፍረት ይመስላል፤ ማን ዳኛ አደረገህ ያሰኛል። በየሦስት ቃሉ «ዩ ኖው» የሚል ሰውም አለ፤ አድማጩ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ባልጠየቀ ነበር። በዚህ ላይ ጸሐፊው የጻፉትን ሁሉ እፈርምበታለሁ። ግን ጨው በዛ ተብሎ ወጥ ያለ ጨው አይሠራም።

እኔ ለተማሪዎቼ የምላቸው ሐረጎቹን እንደ ማርከሻ በጅምላ እንዳይውጧቸው ነው። «ዌል» የሚለው ቃል መልሱ ቀጥተኛ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ ሰዓት ስንት ነው ለተባለ አይመጣም። ጥያቄው ሰፊ ከሆነ በራስህ አንደበት ደግመህ «ዱ ዩ ሚን…» ብለህ ጠይቅ፤ ጠያቂው ሲያብራራ አንተ ታስባለህ፣ ያልተጠየቅከውን ከመመለስም ትድናለህ። ቁጥር ከተጠየቅህ «ሌት ሚ ሲንክ» በቂ ነው፤ ሰው ሲያሰላ መጠበቅን ሁሉም ያውቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ባዶ ያልሆነው ነው፤ «ሁለት መንገድ አለው» ብሎ የጀመረ ሰው ጊዜም አገኘ፣ ለመልሱም ምሰሶ ተከለ። በእርግጥ ሁለተኛውን መንገድ እየተናገረ ማግኘት ግዴታው ይሆናል። አንዳንዴ አይገኝም። ያኔ መሳቅ ነው።

ጸሐፊው በመሃል ያነሡት ሌላ መድኃኒት አለ፤ በየቀኑ ጽሑፍን ጮክ ብሎ በፍጥነት ማንበብ። ጮክ ብሎ ማንበቡ ምላስ ያላላል፣ እኔም አዝዘዋለሁ። ፍጥነቱ ግን የማንበብ እንጂ የማሰብ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በየሳምንቱ ክፍሌ ውስጥ ይታያል፤ በፍጥነት የጀመረው ልጅ ተመልሶ «ሶሪ፣ አይ ሚን…» እያለ የፈሰሰውን ሲለቅም ከዘገየው ይዘገያል።

የመጨረሻው ነጥብ «በጨዋ አማርኛ የሌለ ነው» የሚለው ነው። በትሕትና ላስታውሳቸው፤ የራሳቸው ጽሑፍ የሚጀምረው «እንግዲህ» በሚል ቃል ነው።

አማርኛማ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። «ምን መሰለህ»፣ «ይኸውልህ»፣ «እንዴት ልበልህ»፣ «ለነገሩ»፣ «ማለቴ» እያልን ነው የምንውለው። «እንዴት ልበልህ» የሚል ሰው እንዴት እንደሚል ገና እየፈለገ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል፤ ከዚህ በላይ ሐቀኛ ጊዜ መግዣ በየትኛው ቋንቋ ይገኛል? የጅማ ሰው አፋን ኦሮሞ ሲናገር ደግሞ «ኤጋ» ብሎ ይጀምራል፤ ከእኛው «እንግዲህ» ጋር የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ወደ ኋላም ብንሄድ አባቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ሲቆሙ ወደ ነገሩ ዘለው አይገቡም ነበር። የታወቀ፣ ቤት የሚመታ መግቢያ ነበራቸው። አፋቸው የለመደውን ሲወርድ ልባቸው ቀጣዩን ለማሰናዳት ፋታ ያገኝ እንደነበር መገመት አይከብድም። ያንን ከፈረንጅ ፊልም ቀዱት እንዳንል ፊልሙ አልነበረም።

ውርርዱንስ? ለፍትሐዊነት ስል ሞከርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ጀመርኩ፤ በአማርኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ አንድም መሙያ ቃል ላልናገር። ዳቦ ቤት ውስጥ ተሳካልኝ፤ ዳቦ ሲገዛ ብዙ አይታሰብም። ስልክ የደወለልኝ የድሮ ባልደረባዬ ሁለት ጊዜ «ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ?» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ባለቤቴ እናት ቤት ለቡና ሄድን። ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፣ ሣሩ ተጎዝጉዟል፣ አቦሉ እየተቀዳ ነው። እርሳቸው ሲኒ እያቀበሉኝ «ልጄ፣ ያ የቦታው ጉዳይ ከምን ደረሰ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጉዳዩ ረጅም ነው፤ ከየት እንደምጀምር እያሰብኩ በጽሑፉ ትእዛዝ መሠረት በክብር ዝም አልኩ።

ሲኒው እጄ ላይ ቀረ። ባለቤቴ በክርኗ ነካችኝ። አንዲት ጎረቤት ዐይኗን ወደ ረከቦቱ መለሰች።

«ምነው ልጄ፣» አሉ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተቀይመኸኛል እንዴ?»

«እ… ኧረ እማማ፣ ምን መሰለዎት…» አልኩ። ቶናው ገና አልተቀዳም ነበር።